ከወታደሮቹ አይለዩም

«ይህን ሕግ የሚቃወም ሁሉ በወታደሮቹ ዘመን ሰው እያፈኑ ከወሰዱት በምንም አይለይም።» ሉድሚላ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አድርጋ ባውቲስታን አየችው። «ጸዴ ናት አይደል? በነገው ክርክር በዚችው ዓረፍተ ነገር ድባቅ እንመታቸዋለን።»

በዚያ ክረምት የአርጀንቲናዋ ሮዛሪዮ ከተማ ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ ወንድና ወንድ፣ ሴትና ሴት መጋባት ይፈቀድላቸው ወይስ አይፈቀድላቸው? በትምህርት ቤቱ ክርክር እሱና ሉድሚላ ይፈቀድላቸው ባይ ናቸው። ለባውቲስታ ነገሩ የቤቱ ጉዳይ ነው፤ ያሳደጉት እናቱና የእናቱ ፍቅረኛ ሲልቫና ናቸው።

አያቱ እማማ ኤርሲሊያ ማቴ የሚባለውን ትኩስ የቅጠል መጠጥ ይዘው ከማድቤት ብቅ አሉ።

«እኔም እኮ ሕጉን እቃወማለሁ፣ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው። «ጋብቻ ለእኔ የቤተ ክርስቲያን ነው። ታዲያ እኔም ከእነሱ አልለይም?»

ሉድሚላ ከወንበሯ ተነሳች። የእማማን የበኩር ልጅ ወታደሮች ከዚሁ ቤት ወስደውት አስከሬኑ እንኳ እንዳልተገኘ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«እርስዎን ማለቴ አይደለም፣ እማማ።»

«'ሁሉ' አልሽ። እኔም እዚያ ውስጥ አለሁ።» ማቴውን አቀበሏትና ወደ ጓሮ ወጡ።

«የሕጉ ተቃዋሚዎችስ 'መቅሰፍት' እያሉን አይደል?» አለች ሉድሚላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኛ ስንለሳለስ ሊበሉን ነው?»

«'መቅሰፍት' የሚሉት እናቴን ስለማያውቋት ነው። አንቺ ግን አያቴን ታውቂያታለሽ።» ባውቲስታ አቀረቀረ። «አምና ሆስፒታል ስተኛ ሲልቫናን 'ዘመድ አይደለሽም' ብለው ከበር መለሷት። ማን እንዳስገባት ታውቂያለሽ? አያቴ። 'ያሳደገችው እሷ ናት' ብላ በሩ ላይ ተጨቃጨቀች።»

«ይህን ጋብቻ እየተቃወሙ?»

«እየተቃወመች።»

ሉድሚላ ያቺን የወታደሮቹን ዓረፍተ ነገር በልቧ ደገመቻት። አሁንም ታምራለች። ጭብጨባው ከወዲሁ ይሰማታል።

«ይሄንን የሆስፒታሉን ነገር ነገ ብናገረው ቅር ይልሃል?»

«እኔን ቅር አይለኝም። እሷን ጠይቂያት።»

ጓሮው ይቀዘቅዛል። እማማ ኤርሲሊያ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰቡ ነበር። ሉድሚላ የአንሶላውን ሌላኛ ጫፍ ያዘችላቸው።

«የሆስፒታሉን ነገር ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው» አለች። «ነገ ከፈቀዱልኝ እናገረዋለሁ። ስለ ወታደሮቹ አላነሳም።»

እማማ አንሶላውን አጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉት።

«ሐሳቤን ግን አልቀይርም።»

«እሺ። ብቻ መጥተው ይስሙኝ።»

«በስንት ሰዓት ነው?» አሉ።