የተላጠው ጅግራ

የጅግራው ምንቃር ቀድሞ ተነሣ። ሰርክአዲስ ጫፉን በአውራ ጣቷ ጥፍር ቆንጥራ ያዘችና ወደ ጎን፣ ከቤንዚን ታንከሩ ብዙም ሳታርቅ፣ በቀስታ ሳበችው። ስቲከር ወደ ላይ ከሳቡት ይቀደዳል። ይህን ያስተማራት ገበያው ዳር ስቲከር ቤት ያለው ካሊድ ነው።

ቅዳሜ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ወንድሟ ማተቤ ሞተሩን ከጠዋት ጀምሮ ከሣር ዳሱ፣ ከረኩባው ጥላ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አቁሞታል። የገንዳ ውኃ ከተማ የጥቅምት ፀሐይ ብረቱን እጅ እስከማያስነካ አግሎታል፤ ሙጫውም ላልቷል። ማተቤ የቆርቆሮውን የግቢ በር ዘግቶ በጀርባው ተደግፎታል።

«ፍጠኝ እንጂ!»

«ከፈጠንሁ ይቀደዳል።»

«ይቀደድ! ምን ልትሠሪበት ነው?»

ጅግራውን የሳለችው ራሷ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ሞተሩ ሲገዛ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። በከተማው አንበሳ ወይም ንስር ያልተለጠፈበት ሞተር የለም። እሷ ግን በኮኪት መንገድ ዳር እየተንጋጋ የሚሮጠውን፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን ጅግራ ክንፉን ዘርግቶ ሳለችው። ካሊድ ሥዕሉን በማሽኑ ቆርጦ ሲያወጣው «ኸላስ፣ በቃ! ከእንግዲህ አንበሳ አልሸጥም» ብሎ ሳቀ። ማተቤም በመናኸሪያው ሰው ሲያመላልስ «ባለ ጅግራው» እየተባለ ይጠራ ጀመር።

ትናንት እራት ላይ፣ ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ ነበር የነገራት። «ሐሙስ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሰው ገጨሁ» አላት። «ግን ምንም አልሆነም። ተነሥቶ ልብሱን አራግፎ ሄዷል። ሰው ጅግራውን አይቶ ከሆነ ግን ነገር ይመጣል። ለምን ነገር እንፈልጋለን? ቀይሪልኝ።»

«እሺ» አለችው።

የገረማት ራሷ ናት። አልደነገጠችም፤ አላለቀሰችም፤ «የት ቦታ? ምን ዓይነት ሰው?» አላለችም። እጥፍ ብለው ሲቀመጡ እግር ይደነዝዝ የለ፣ እግሩ አለ፣ ሲነኩት ግን የሌላ ሰው ይመስላል፤ ሁለመናዋ እንደዚያ ሆነባት። እንቅልፍ ወሰዳት። ጠዋት ተነሥታ ቤት ጠረገች። ከዚያ ስቲከሩን ልትልጥ ተቀመጠች።

እናታቸው አሰፋች ቤት የለችም። አብርሃ ጅራ እርሻ ላይ ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ ታበስላለች። ሞተሩም የተገዛው እሷ ሁለት መኸር ጢስ ውስጥ ቆማ ባመጣችው ገንዘብ ነው። ዘንድሮ ስትሄድ «ወንድምሽን ስሚው፤ የቤቱ ምሰሶ እሱ ነው» ብላት ነበር።

ቀኝ ክንፉ ደህና ወጣ። ግራው ግን ፀሐይ ስለበላው ቁርጥርጥ እያለ አስቸገራት። አንድ በአንድ ለቀመችው። የቀረውን ሙጫ በጨርቅ የሰሊጥ ዘይት እያስነካች አሸችው፤ ቤንዚን ይፈጥናል፣ ግን ቀለሙንም ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በሳሙና አጥባ አደረቀችው።

ማተቤ ከበሩ ተነሥቶ መጣና ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይኸ ምንድን ነው? እሺው እንጂ!»

ጅግራው እዚያው ነበር። ስቲከሩ ሸፍኖት የኖረው ቦታ እንደ አዲስ ደማቅ ቀይ ነው፤ ዙሪያው ግን ገርጥቷል። ምንቃሩም፣ አንገቱም፣ የተዘረጉት ክንፎቹም ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

«ቆሻሻ እኮ አይደለም» አለችው። «ቀለሙ ራሱ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«የሚለጠፈው ይሸፍነዋል።»

ማተቤ ካሊድ ዘንድ አልሄደም። ታንከሩን በጨርቅ ሸፍኖ መተማ ዮሐንስ ድረስ ነድቶ ከገበያ የገዛው ጥፍሩን ያወጣ ትልቅ የነብር ስቲከር ነው። ሰርክአዲስ ታንከሩን በሳሙና ውኃ አርጥባ ነብሩን አስቀመጠችው፤ ግራ ቀኝ እያንሸራተተች አስተካከለችው፤ ከዚያ በማስመሪያዋ ከመሐል ወደ ዳር እየተጫነች ውኃውን አስወጣችው። እምቢ ያሉትን የአየር ጉብጉቦች በመርፌ ጫፍ ወግታ በጣቷ ደፈጠጠቻቸው። የግራ ክንፉ ጫፍ ግን ከነብሩ ጅራት በታች ብቅ አለ። ከደብተር መሸፈኛዋ ጥቁር ፕላስቲክ ቀጭን አድርጋ ቆርጣ እሱንም ሸፈነችው።

ማተቤ ዞሮ ዞሮ አየው። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ወርቅ ነው!» ብሎ ራሷን ሳማት።

እሷ ሄዳ እጇን ታጠበች። ዘይቱ በአንድ ጊዜ አልለቅ ስላላት ደጋግማ ታጠበች።

እሑድ ማተቤ ሥራ ውሎ ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ «ማንም አልጠየቀኝም» አላት። «መናኸሪያ ሁሉም ነብሩን አዩት። አንድም ሰው ‹ጅግራህስ?› አላለኝም።» ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት ልትለየው አልቻለችም። ደግሞም አልሞከረችም።

ሰኞ ትምህርት ቤት፣ በእረፍት ሰዓት ከዘምዘም ጋር ኒም ዛፏ ሥር ተቀምጠዋል። ዘምዘም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት፤ ወሬ ካላወራች ያማታል። እናቷ ሲስተር ሳጂዳ ሆስፒታል ነርስ ስለሆነች ደግሞ ወሬ አጥታ አታውቅም።

«ስሚማ፣ እማ ያለችበት ክፍል አንድ ሳሉግ ተኝቷል።» ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን ሠራተኞች በቆላው ሳሉግ ይሏቸዋል። «ሐሙስ አመሻሽ ኮኪት መንገድ ላይ ሞተር ገጭቶት፣ ጥሎት ሄዶ! እግሩ ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው። ወደ ጎንደር ሳይልኩት አይቀሩም አለች።»

«ተነሥቶ ሄደ አይደል እንዴ?» አለች ሰርክአዲስ። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

«አንቺ ደግሞ! እግሩ ተሰብሮ በምን ይሄዳል? ፀሐይ መትቶሻል መሰለኝ።» ዘምዘም ሳቀች። «ጠያቂ እንኳ የለውም አሉ። ሲደብር!»

ደወል ተደወለ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበራቸው። ሰርክአዲስ በሰሌዳው ላይ ያለውን ሁሉ ገለበጠች፤ ምን እንደጻፈች ግን አታውቅም። ዘምዘም በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ለእናቷ ምሳ ታደርሳለች። ሲወጡ ሰርክአዲስ «ልከተልሽ?» አለቻት።

«ይመችሽ! ብቻዬን መንገዱ ይደብረኛል።»

ክፍሉ ስድስት አልጋ ነበረው። ሰውየው በመስኮቱ በኩል ተኝቷል፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ግራ እግሩ እስከ ጭኑ በጀሶ ታሽጎ በትራስ ላይ ተሰቅሏል። ግንባሩ ተልጧል።

«ማሩ፣ ‹ጠያቂ የለኝም› ስትል አልነበረም?» አለች ሲስተር ሳጂዳ። «ይኸው መጥተውልሃል።» ከዚያ ዘምዘምን ይዛ ምሳዋን ልትበላ ወደ ነርሶች ክፍል ገባች። ሰርክአዲስ አልጋው አጠገብ ባለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እግዜር ይማርዎት» አለች።

«አሜን፣ ልጄ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የአሰፋች። እዚህ የለችም። አብርሃ ጅራ ለአጫጆች ምግብ ትሠራለች።»

«አብርሃ ጅራ? አምና እዚያ ነበርሁ። እንግዲያ ሳልበላላት አልቀርም» ብሎ ፈገግ አለ። «ስልክ ይዘሻል? የኔዋ ከእግሬ ጋር እንክትክት ብላለች። የጎረቤታችንን ቁጥር በቃሌ ይዠዋለሁ።»

የእናቷን አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ አውጥታ ቁጥሩን መታችለት። ሚስቱ ተጠርታ እስክትመጣ ስልኩን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ይዞ ጠበቀ።

«እኔ ነኝ... ደህና ነኝ። አይ፣ ሰሊጡ በዝቶ ነው እንጂ። ትንሽ እቆያለሁ። ልጆቹስ?... ደህና ነኝ አልሁሽ እኮ። ስልኬ ተበላሽታ ነው።»

ሲጨርስ ስልኩን መለሰላት። «ምን ልበላት?» አለ ጣሪያውን እያየ። «እዚያ ደጋው፣ ቢቡኝ ሆና ምን ታደርግልኛለች?»

ሰርክአዲስ ስልኩን በጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «የገጨዎትን ሰው... አይተውታል?»

«አየሁት እንጂ። ወጣት ነው። አቆመና ዞሮ አየኝ። ‹ወንድሜ!› ብየ ጠራሁት። አስነሥቶ ሄደ።»

ይህን ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም። ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

«ሞተሩ ላይ ጅግራ አለበት። ክንፉን የዘረጋ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ጅግራ። ወድቄ ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ‹ሲያምር!› አልሁ እኮ፣ በዚያ ሰዓት! ለፖሊሱ ይኸንኑ ነገርሁት። ዛሬ ጠዋት ተመልሶ መጥቶ ‹መናኸሪያውን ሁሉ አየን፤ ባለሞተሮቹንም ጠየቅን፤ ሁሉም አናውቅም አሉ፤ ጅግራ ያለበት ሞተር የለም› አለኝ። ሐኪሙ ደግሞ ‹ጭንቅላትህን ተመትተሃል፤ እንዲህ ሲሆን ሰው ያልነበረ ነገር ያያል› ይላል።» ትንሽ ሳቀ። «እኔም እንጃ። ጅግራ ሞተር ላይ ምን ይሠራል? ዓይኔን መጠራጠር ጀምሬያለሁ።»

ከነርሶቹ ክፍል የዘምዘም ሳቅ ይሰማል። ሰርክአዲስ «ደህና ይዋሉ» ብላ መውጣት ትችላለች። በሩ ከአራት እርምጃ አይበልጥም። ማንም ምንም አይላትም።

«ነበረ» አለች።

«ምኑ?»

«ጅግራው። የሳልሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ደግሞ እኔው ላጥሁት። ሞተሩ የወንድሜ ነው።»

ማሩ ዞሮ አያት። ይጮኻል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ሲስተር ሳጂዳን ይጠራል ብላም ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ዓይኖቹን ጨፍኖ እንደገና ገለጣቸው።

«እንግዲያ ዓይኔ ደህና ነው» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ስልኩን አነሣች። ማተቤ ወዲያው መለሰ። ከበስተኋላው መናኸሪያው ይሰማል፤ «ኮኪት! ኮኪት! አንድ ሰው!»

«የት ነሽ? ቤት ሄጄ አጣሁሽ እኮ።»

«ሆስፒታል ነኝ። ሰውየው አጠገብ። አልተነሣም፣ ማተቤ። ጠርቶህም ነበር።»

ማተቤ ሞተሩን ሲያጠፋ ሰማች።

«ምን አልሽው?»

«ጅግራውን እኔ እንደሳልሁት ነገርሁት።»

«አብደሻል? ልታሳስሪኝ ነው? ለእማዬስ ማን ሊደርስላት ነው? አሁኑኑ ተነሥተሽ ውጪ!»

«ለእማዬ እኔ እነግራታለሁ። አንተ እስክትመጣ ግን ከዚህ አልነሣም።»

ዘጋችው። ተመልሶ ሲደውል አላነሣችውም።

ዘምዘም ባዶ ሳህኗን በፌስታል ይዛ መጣች። «እንሂድ?»

«አንቺ ሂጂ። እኔ እቆያለሁ።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ነገ እነግርሻለሁ።»

ዘምዘም አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰውየውን አይታ ፌስታሏን አንጠልጥላ ወጣች። መብራት ጠፍቶ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ቆመ፤ ክፍሉም ታፈነ። ማሩ ፊቱን ሳያዞር «ውኃ አቀብይኝ» አላት። አቀበለችው። ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰላት።

«ይመጣል?»

«እንጃ።»

ሰባት ሰዓት አለፈ፤ ስምንትም አለፈ። ምሳ አልበላችም፤ ርቧትም አልነበረም። ሁለት ጊዜ ውጭ ሞተር ቆመ፤ ሁለቱም ጊዜ ሌላ ሰው ነበር። ለእናቷ ምን ብላ እንደምትነግራት በልቧ ቃል ልትደረድር ሞከረች፤ ከመጀመሪያው ቃል አላለፈችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ማተቤ ከበሩ ቆሞ አየችው። በእግሩ ነበር የመጣው። ነጠላ ጫማው አቧራ ብቻ ሆኗል፤ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ደፉን አልተሻገረም። እሷን አላያትም፤ ያየው በትራስ ላይ የተሰቀለውን እግር ነው።

ማሩ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

ሰርክአዲስ ተነሣችና ወንበሩን ለወንድሟ ለቀቀችለት።