ያልወረደ ጭነት

የደሴ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው፣ ትርንጎ ፒካፗን ቁልቁለት አፍ ላይ ካሳደረችበት ታስነሳታለች። ባትሪዋ ስለደከመ መቆሚያዋ ሁልጊዜ ቁልቁለት ነው። ፍሬኑን ትለቃለች፣ መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ መንሸራተት ስትጀምር ሁለተኛ ማርሽ ታስገባለች፣ ሞተሩም አንዴ ተንገጫግጮ፣ ጥቂት አስሎ ይነሳል። ፒካፗ ከትርንጎ በዕድሜ ትበልጣለች። ባሏ ይመር ራሱ በብሩሽ ሰማያዊ ቀለም ቀብቷት ነበር፤ ከብሩሹ የተነቀለው ፀጉር ሳይቀር እላይዋ ላይ ደርቆ ቀርቷል። አልጋና ቁም ሳጥን፣ አሸዋና ሲሚንቶ፣ የሠርግ ድንኳን፣ የጠላ በርሜል፣ አንድ ጊዜም አንድ ሙሉ ሱቅ ከነመደርደሪያው ተጭኖባታል። የሰፈሩ ሰው «አሮጊቷ» ይላታል። አዳዲሶቹ መኪኖች ለቀለማቸው ሲሉ የማይደፍሩትን ኮረኮንች የምትወጣው እሷ ስለሆነች ሥራ አታጣም።

ይመር የሞተው ሐምሌ ላይ ነው። ሆዴን፣ ሆዴን ሲል ሰንብቶ አንድ ማለዳ ሐኪም ቤት ገባ፣ በእግሩም አልወጣም። ትርንጎ አላለቀሰችም። ለቀስተኛው መጀመሪያ «ደንግጣ ነው» አለ፤ ሲቆይ ደግሞ «አይ፣ ድንጋይ ናት» አለ። እሷ ግን ደንግጣም ጨክናም አልነበረም። ውስጧ እንደደነዘዘ እግር ሆኖባታል፤ ስትረግጥበት አይሰማትም። ምግቡም፣ እንቅልፉም፣ የሰው ማጽናናትም አንድ ሆነባት። ከሉን እንደለበሰች መሪ ጨበጠችና የባሏን ሥራ ቀጠለች። መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፣ ኳስ ሜዳ ላይ፣ እየሳቀባት። ይመር አጭር ሰው ስለነበር መንገዱ እንዲታየው ከሥሩ ትራስ ያደርግ ነበር። እሷ ትራስ አያስፈልጋትም፤ ቢሆንም ሳታነሳው አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ከርሟል።

ጭነቱን የሚጭነውና የሚያወርደው እንድሪስ ነው። ጸጉሩ ሸበቶ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከይመር ጋር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ጭነት ሲያልቅ ስፖንዳውን፣ የኋላውን መዝጊያ፣ ይዘጋና የመኪናዋን ጎን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ሂጂ ማለት ነው። አንዴ ብቻ ከመታ ቁሚ ነው። ይመርም እንደዚያው ይመታ ነበር፣ እሱ ግን አንድ የራሱ አመል ነበረው። ሁለቴ ከመታ በኋላ ወደ ጋቢናው ሲመጣ፣ ከጅራቷ ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ ቆርቆሮውን በጥፍሩ እየፋቀ ነው የሚመጣው። ያ ድምፅ የትርንጎን ጥርስ ያፋጭ ነበር። «ኧረ ተው» ስትለው እየሳቀ ይገባል።

ነገሩ የተበላሸው በቀብሩ ቀን ነው። የሰፈሩ የፒካፕ ሾፌሮች አንድ ልማድ አላቸው፤ አስከሬን ያደረሰ መኪና ከመቃብር ሲመለስ ስፖንዳው ተከፍቶ፣ ተንጠልጥሎ፣ እየተንቀጫቀጨ ነው ሰፈር የሚገባው። ታጥቦ ካላደረ አይዘጋም። የይመርን ሳጥን አሮጊቷ ራሷ፣ በጓደኛው ሾፌርነት፣ ከከተማው በታች ገደል አፋፍ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን አደረሰችው። ሰዎቹ ሳጥኑን ተሸክመው በቅጥሩ በር ሲገቡ ትርንጎ ወደ ኋላ ቀርታ ተንጠልጥሎ የተተወውን ስፖንዳ አየች። ይመር ሲንቀጫቀጭ አይወድም ነበር። እጇ በራሱ ጊዜ ሄደና ዘጋው፣ ሁለቱንም መቀርቀሪያ ሰካ። እንድሪስ አይቷታል። ሐዘንተኛ አይቆጡምና ዝም አለ።

መጀመሪያ የነገራት ባሌስትራው፣ ከመኪናዋ ሥር ሸክሙን የሚችለው ብረት፣ ነው። ባዶዋን ስትሆን ጅራቷን ቀና አድርጋ የምትዘል መኪና፣ አሁን አንድ ነገር እንደተሸከመች ሁሉ ረጋ ብላ ትሄድ ጀመር። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ከኋላ ይሰማ የነበረው የባዶ ቆርቆሮ ጩኸት ጠፍቶ ድፍን ያለ፣ የታፈነ ድምፅ ሆነ። ጉም በበዛበት ሰዓት መብራቷን ስታበራ ብርሃኑ መንገዱን ትቶ የባሕር ዛፉን ወገብ ያሳያል፤ ጅራቷ ስለተጫነ ግንባሯ ቀና ብሏል። ትርንጎ ወርዳ አየች። ከጥቂት የአሸዋ ቅሪትና ከአንድ የተቆረጠ ገመድ በቀር ምንም የለም። እጇን በቆርቆሮው ላይ አሳረፈችና ቆየች። ሌላው ቦታ በጉሙ ቀዝቅዞ ሳለ ከጋቢናው ሥር ያለው ጥግ፣ ሰው ተቀምጦ የተነሳበት መደብ ያህል፣ ሞቅ ይል ነበር። ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ንቅንቅ አለ።

«ይመር» አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስፖንዳውን አልከፈተችውም። ከተከፈተ ይወርዳል፣ ከወረደ ደግሞ የቀራት ነገር የለም። ዕቃ የሚያዛውሩ ሰዎች ሶፋቸውን በጎን አሻግረው ሲጭኑ ሲያጉረመርሙባት «መቀርቀሪያው ዝጎ ነው» እያለች ታልፋቸዋለች። የመቀርቀሪያውን ቅባት ግን በየጊዜው ታድሰዋለች፣ ሳይታሰብ በመንገዱ ንቅናቄ እንዳይላቀቅ። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ዳገቱ ላይ ታወራዋለች። ስለ ናፍጣ፣ ስለ ቤቱ ጣሪያ፣ ስለ እህቱ ትነግረዋለች። መልስ አልጠበቀችም። ክብደቱ ይበቃት ነበር።

አንድ ቀን ባዶዋን ከሮቢት ሲመለሱ፣ እንድሪስም አጠገቧ ትራሱን ታቅፎ ተቀምጦ ሳለ፣ ከኋላ ጎኑ አንዴ በመዳፍ ተመታ። ትርንጎ ሳታስብ ፍሬን ያዘች። ሞተሩ እየተንተከተከ፣ ጉሙ መስታወቱን እያራሰ ቆሙ። ከመንገዱ ዳር አንድ የድሮ መቃብር ከነመስቀሉ ያዘነበለ አለ፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ጥቂት ቆይቶ ሁለቴ ተመታ። ማርሽ አስገብታ ነዳች። እንድሪስ የገዛ እጆቹን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወዲያ ጭነት ላይ መውጣቱን ተወ፤ ቦታ ከጠበበ በእግሩ ይከተላል።

ሽታው ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሲሚንቶም ጫነች ሽንኩርት፣ ሁሉም ከተራገፈ በኋላ የሚቀረው አዲስ የተቆፈረ እርጥብ አፈር ሽታ ነበር፣ በከባድ ዝናብ ማግሥት ከጉድጓድ የሚወጣው ዓይነት። መንገድ ላይ የሚያገኟት አሮጊቶች፣ አስከሬን እንደሚያልፍ ሁሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ያሳልፏት ጀመር፣ ባዶዋን መሆኗን እያዩ። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ትወጣው የነበረችው መኪና አንደኛ ትለምን ጀመር። ትርንጎ ይህን ሁሉ አይታለች። ፍርሃት ግን የሚሰማው ሰው ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ክብደቱን ብቻ ነበር የምትሰማው።

«ትርንጎ፣ እህቴ» አላት እንድሪስ አንድ ጠዋት፣ መኪናዋን ሳይነካ ራቅ ብሎ ቆሞ። «ስፖንዳውን እንክፈተው።»

«ይወርድብኛል፣ አያ እንድሪስ።»

«ማን?»

እጇን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈች።

«ስፖንዳው ተከፍቶ የሚመጣው እኮ ለሟቹ ብለን አይደለም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሟቹማ ደርሷል፤ ወርዷል። ምናልባት ከመቃብሩ የሚሳፈር ሌላ ካለ ብለን ነው። መንገድ ላይ እንዲወርድ ነው የምንከፍትለት።»

«ይመር ነው» አለች ትርንጎ።

«አብሽሪ» አለ እንድሪስ።

በዚያው ሳምንት፣ ጉሙ እኩለ ቀን ድረስ ሳይገለጥ በዋለበት ዕለት፣ መዞሪያው ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ነፍቶ አስቆማት። ብቻዋን ነበረች። ፖሊሱ ወጣት ነው፣ የዝናብ ልብሱ እስከ ጉልበቱ ይደርሳል፤ መንጃ ፈቃዷን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ጭነት ላይ ሰው መጫን ክልክል መሆኑን አታውቂም?»

«ሰው አልጫንኩም።»

«ያ ረጅሙ ሰውዬ ማነው ታዲያ? ጀርባውን ሰጥቶሽ የተቀመጠው። ቁጭ ብሎ እንኳን ጭንቅላቱ ከጋቢናው በላይ ይታያል እኮ።»

ወደ ኋላ ሄደ። ትርንጎ በስፖኪዮው መስታወት አየችው፤ አንገቱን ዘርግቶ ወደ ውስጥ ሲመለከት፣ ከዚያም ሳይዞር ወደ ኋላው ሲያፈገፍግ። ተመልሶ መጥቶ መንጃ ፈቃዱን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ በመስኮቱ ጣለላት። «ሂጂ» አላት። «ዝም ብለሽ ሂጂ።»

ትንሽ ነድታ ቆመች። ረጅም ሰውዬ። አጠገቧ ያለውን ትራስ አየችው፣ መሐሉ በይመር መቀመጫ ልክ ጎድጉዶ ቀርቷል። ያኔ ሌላም ነገር ትዝ አላት፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከኋላ ሲመታ ሰምታለች፣ ቆርቆሮው በጥፍር ሲፋቅ ግን አንድ ቀን አልሰማችም። ጣሪያው ማፍሰሱን፣ ሌሊት እጇ እየተዘረጋ ባዶ አንሶላ መንካቱን፣ ለማንም ያልተናገረችውን ሁሉ የነገረችው ለማን ነው? ሆዷ ውስጥ ብርድ ገባ። ብርድም ቢሆን፣ ስሜት ነበር።

እንድሪስን ከገበያው ጥግ አገኘችውና የምትሄድበትን ነገረችው። «ልጆች አሉኝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። አልፈረደችበትም። ከሰዓት በኋላ፣ ብርሃኑ አመድ ሲመስል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘች።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ጎኑ አንዴ ተመታ። ቁሚ። አልቆመችም። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ደግሞ ጠነከረ፣ የኋላ መስታወቷ ነዘረ። ፍሬኑ ቁልቁለቱን ከነሸክሙ አልችል ብሎ የጎማ ቃጠሎ ሲሸት፣ ባሌስትራው ሲያቃስት፣ ምቱ ከጅራቷ ወደ ፊት እየቀረበ መጣ፣ በመጨረሻም ከራሷ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ማዶ ሆነ። መሪውን አጥብቃ ይዛ ዞራ ሳታይ ነዳች። ከቅጥሩ በር ፊት ስትደርስ፣ ጭነት እንደሚያራግፍ ሰው በኋላ ማርሽ ጅራቷን ወደ በሩ አዞረች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ወረደች።

መቀርቀሪያዎቹ በቅባት ስለከረሙ ጣቷ ሲነካቸው ወጡ። ስፖንዳው ወደቀ። ትንሽ ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ጉሙ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል፣ የሞተሩ ብረት ሲበርድ ጠቅ ጠቅ ይላል። ከዚያ ባሌስትራው ረጅም ድምፅ አውጥቶ ተነሳ። የአፈሩ ሽታ በጠባብ ደጅ ሰው ሲያልፍ እንደሚገፋ ገፋ አድርጓት አለፈ። ቀና ስትል ጉሙ ውስጥ አንድ ረጅም ጀርባ በቅጥሩ በር ሊገባ ጎንበስ ሲል አየች፣ ወይም ያየች መሰላት። በሩ ማንንም ሰው ጎንበስ የሚያሰኝ አልነበረም።

ልማዱን ታውቃለች። ስፖንዳውን እንደተከፈተ ትታ፣ ወደ ኋላ ሳታይ መሄድ ነው። ወደ ጋቢናው ገባች፣ ቁልፉን ያዘች፣ አልዞረላትም። መኪናዋ ቀላል ነበረች፣ ባዶ ነበረች፣ ከኋላዋም ከአጠገቧም ማንም አልነበረም። ያ ድንዛዜ አንዴ ተሰነጠቀና ትርንጎ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ አለቀሰች፣ በሐምሌ ያላለቀሰችውን። «ይመርዬ» አለች ጮክ ብላ፣ መቃብሩ ደጃፍ ላይ መሆኗን ረስታ። «እኔ እኮ አንተ መስለኸኝ ነው። አንተ መስለኸኝ ነው የዘጋሁት።»

የመኪናዋ ጅራት ቀስ ብሎ ሰመጠ። ጥቂት ብቻ፣ አጭር ሰው የወጣባት ያህል። ቀጥሎ ተንጠልጥሎ የነበረው ስፖንዳ ተነስቶ ሲዘጋ ሰማች፣ ሁለቱ መቀርቀሪያዎች ተራ በተራ ሲሰኩ ሰማች። ጎኑ ሁለቴ በመዳፍ ተመታ። ከዚያም ከጅራቷ ጀምሮ፣ ሳይቸኩል፣ ጥርስ የሚያፋጨው የጥፍር ድምፅ ቆርቆሮውን እየፋቀ ወደ እሷ በር መጣ።

ትርንጎ ዓይኗን በከሏ ጠረገች፣ ትራሱን አራግፋ በሾፌሩ ወንበር ላይ አስተካከለችለትና፣ በሩ ሲከፈት ሳታይ ወደ ቀኙ ጠጋ አለችለት።