መርፌውን አንሡ

ጸሐፊው ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ከአጠገባቸው የነሐስ መብራታቸው ወድቋል፤ ክንዳቸው ሥር የመጽሐፋቸው የመጨረሻ ገጽ አለ። መጽሐፉ ስለ ሙዚቀኞች ነው፤ በየምዕራፉ መጨረሻ አንባቢው የትኛውን ሸክላ እንዴት አድርጎ መስማት እንዳለበት ይመክራል።

መርማሪዋ ሙዚቃ አይሆንላትም። ባሏ «ስታጨበጭቢ እንኳ ምት ትስቺያለሽ» እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም አትክድም። የሰው ሁኔታ ግን አያመልጣትም። ገጹን ሁለት ጊዜ አንብባ ኪሷ ከተተችና ወደ ሳሎን ወረደች።

ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ይጠብቋት ነበር፦ የሟቹ ልጅ፣ የሟቹ ታላቅ እህት፣ እና የወጣትነት ጓደኛቸው የሆኑት ትራምፔት ነፊ፣ ሰው ሁሉ «ጋሽ ሳንባ» የሚላቸው። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን ያዘጋጀው ለልጅቷ ነው። አስር ሰዓት ላይ አባቷ ክፍል ገብታ የጮኸችው እሷ ናት፤ ጠዋትም ተጣልተዋል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በዚያ ገጽ» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗ አብጧል። «‹አባዬ፣ ይሄን አታሳትመው፣ ሰው ትገድላለህ› አልኩት።»

«እርስዎስ እትዬ፣ ምን ሰሙ?»

እህትየው ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት እምቢ ካለ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከወጥ ቤት አልወጡም። «ዘጠኝ ተኩል ላይ ሸክላው እየዘፈነ አንድ ነገር ዷ አለ። መጽሐፍ ወደቀበት ብዬ ተውኩት። ወዲያው ሸክላው ያችኑ ቦታ ይደጋግም ጀመር። ልጮህበት ስል ተስተካከለና ቀጠለ። እንግዲህ ደህና ነው ብዬ ሥራዬን ያዝኩ።»

ልጅቷን የጎዳት ይህ ቃል ነው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ማተሚያ ቤት እንደነበረች ፖሊሱ ደውሎ አረጋግጧል፤ ሸክላውን ያስተካከሉት አባቷ ከሆኑ ግን ከዚያ በኋላም በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።

«ጋሽ ሳንባስ?»

«እኔማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰናብቼው በውጭው ደረጃ ወረድኩ። ሸክላም አልከፈተም። ያን ሸክላ ከሰማሁት ሠላሳ ዓመት አለፈኝ።» ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

መርማሪዋ ማጫወቻውን ከነሸክላው ከላይ አስወርዳ መሐላቸው አስቀመጠችው።

«ሐኪሙ፣ በመብራቱ አንድ ምት ነው፣ ወዲያው ነው የሞቱት ብሏል። ክፍሉ ውስጥ ከመብራቱ በቀር የወደቀ ነገር የለም። ስለዚህ እትዬ የሰሙት ዷ ያለው ድምፅ ያ ምት ነው። ሸክላው መደጋገም ሲጀምር ጸሐፊው ሞተዋል፤ የሞተ ሰው ደግሞ ሸክላ አያስተካክልም። ያስተካከለው ገዳዩ ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ እዚህ የለችም፤ እትዬ ደረጃ አይወጡም።»

ጋሽ ሳንባ ሳቁ። «ሌባስ ቢሆን?»

«ሌባ ይሮጣል። የደነገጠም ሰው መርፌውን ያነሣና ዝም ያሰኘዋል። ገፋ አድርጎ ያሳለፈው ግን ቀጥሎ የሚመጣውን መስማት የፈለገ ሰው ነው።» መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፈች።

ዘፋኟ መሐል ላይ ስትደርስ ቃሏ ተያዘ። ያችው ቃል፣ እንደገና፣ እንደገና። ማንም አልተነሣም። እህትየው ጆሯቸውን ያዙ፤ ልጅቷ መሬት መሬቱን ታያለች። መርማሪዋ የምታየው የጋሽ ሳንባን እጅ ነበር። ሦስት ጣቶቻቸው ባርኔጣው ላይ የትራምፔት ቁልፍ ያለ ይመስል ይነሣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ደግሞ ይነሣሉ።

ሽማግሌው አልቻሉም፤ ብድግ አሉ። በትንሿ ጣታቸው የመርፌውን ክንድ ነካ አደረጉት። ቃሏ ተፈታችና ትራምፔቱ ገባ።

«የእርስዎ ነው» አለች መርማሪዋ፤ ገጹን ከኪሷ አውጥታ አነበበች። «‹አንባቢ ሆይ፣ ዘፋኟ እንደጨረሰች መርፌውን አንሡ። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ነው።›»

«ዕድሜ ልኬን ነፍቼ በሸክላ የቀረልኝ ይቺ አንዲት ደቂቃ ናት» አሉ ጋሽ ሳንባ፤ እንባቸው ወረደ። «አነበበልኝና ሳቀ። ከመታሁት በኋላ ልወጣ ስል፣ ትራምፔቴ ሊገባ ሲል ሸክላው ተያዘ። ሳልሰማው መሄድ አቃተኝ። እባካችሁ፣ ሸክላው ይጨርስና ውሰዱኝ።»

ፖሊሱ መርማሪዋን አየ። እሷም ይሁን ልትል አፏን ከፈተች።

ልጅቷ ግን ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ሳሎኑን ቀስ ብላ አቋርጣ ሄደችና መርፌውን አነሣችው።