የአዲሱ ኮምፒውተር ልብስ

የቪዲዮ ስቱዲዮው ባለቤት ከውጭው የብረት ደረጃ ሥር፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደዞረ ሞተው ተገኙ። ለፖሊስ የተደወለው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ የደወለውም ሬሳውን መጀመሪያ ያየው ካሜራማን ነበር። ሳይመሽ የሟቹ የእህት ልጅ ታሰረ። ይህ ወጣት የስቱዲዮው ፊልም አቀናባሪ ነው፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ በሰው ፊት «አንድ ቀን ይህን ሳጥን ከነባለቤቱ ከደረጃው እወረውረዋለሁ» ብሎ ነበር።

ሳጥን ያለው ከሦስት ሳምንት በፊት የተገዛውን አዲሱን ኮምፒውተር ነው።

ፋይሉ በማግስቱ ለዐቃቤ ሕግ ሊተላለፍ የቀረው የመርማሪዋ ፊርማ ብቻ ነበር። ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ የምታቋርጥበትን ቃል ባልደረቦቿ ቅጽል ስም አድርገው ሰጥተዋታል፤ «ቆይማ» ይሏታል። አለቃዋ ዛቻውም ምክንያቱም ግልጽ እንደሆነ፣ ልጁም ያን ሰዓት የት እንደነበረ የሚመሰክርለት ሰው እንደሌለ አስረድተው እስክሪብቶውን ሲያቀብሏት፣ እሷ እስክሪብቶውን ተቀብላ ኪሷ ከተተችና ወደ ስቱዲዮው ሄደች።

ከፊት ለፊት መንገድ እየተቆፈረ ስለነበር አቧራው ከላይኛው ፎቅ ድረስ ዘልቋል። ወንበሩ፣ መብራቶቹ፣ የመስኮቱ ደፍ፣ ሁሉም ዱቄት የተነፋባቸው ይመስላሉ። ከአቀናባሪው ክፍል ወደ ደረጃው በሚያስወጣው በር ሥር፣ ወለሉ ላይ ግን ሁለት ክንድ የምትሞላ ቦታ ታጥባ ተወልውላለች። ከሳንቃው ስንጥቅ ውስጥ የደረቀ ደም ነበር። ሟቹ ራሳቸውን የተመቱት እዚህ ነው ማለት ነው፤ ከደረጃው የተጣሉት ከዚያ በኋላ ነው። የተወለወለበት ጨርቅ ግን የትም አልተገኘም።

ኮምፒውተሩ በልኩ በተሰፋ፣ ጠርዙ በሰማያዊ ክር በተጠለፈ ወፍራም ልብስ ከአናቱ እስከ እግሩ ተሸፍኗል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ሳሙና ሳሙና ይላል፤ የካውያው እጥፋት እንኳ አልጠፋም።

አቀናባሪው በእስር ክፍሉ ውስጥ ከራሱ መታሰር ይልቅ በማሽኑ የተናደደ ይመስል ነበር።

«ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ አሥራ አንድ ሰዓት ይለኛል» አላት። «ያለቀውን ፊልም አጥብቆ ወደ አንድ ፋይል መጭመቅ ነው፤ ኢንኮድ እንለዋለን። ፕሮግራሙን ቀየርኩ። ሥራውን ለግራፊክስ ካርዱ ሰጠሁት። ዊንዶውሱን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ሲጀምር ይሮጣል፤ አምስት ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ እንደ ኤሊ። ማታ ደግሞ አጎቴ ሳያስጠፉኝ አይሄዱም ነበር፤ ጠዋት ከዜሮ እጀምራለሁ። አሮጌው ይሻለኝ ነበር እኮ፣ አሮጌው!»

«አጎትህስ ምን አሉ?»

«ማሽኑ ሳይሆን አንተ ነህ የምትንቀረፈፈው አሉኝ። ከትናንት በስቲያ ደግሞ ልብሱ ላይ ሻይ ደፋሁበትና ተጣላን። እዚያ ቤት ከማሽኑ ልብሱ ይከበራል።»

«የምን ፊልም ነበር?»

ልጁ አቀረቀረ። «ለአጎቴ ምዬላቸዋለሁ፤ አልናገርም።»

የቀረውን እየተነጫነጨ ነገራት። ማሽኑ ፍጥነቱን በየደቂቃው እንዲመዘግብ አዝዞ ነበር፤ መዝገቡን ሻጩ ፊት ሊዘረጋለት። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሩን ሥራ ላይ ትቶት ወደ ሱቁ ቢሄድ ዝግ ሆነበት። ንዴቱ እስኪበርድ ብቻውን ሲዞር ዋለ። ሲወጣ በማሽኑ ላይ የነበረው ልብስ የትኛው እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ሻይ የደፋበት ባለ ቀይ ጠርዙ እንደሆነ፣ በጠዋትም ልብስ ይዞ የመጣ ሰው እንዳልነበረ አረጋገጠላት።

ኮምፒውተር ሻጩም የባሰበት ነበር። «እመቤቴ፣ አራት ጊዜ ሄጃለሁ» አለ፤ «ልብሱን ገፍፌ፣ ከፍቼ፣ ግማሽ ቀን ተቀምጬ አየሁት፤ ይበራል! ቤቴ ስገባ ስልክ ይደወላል፣ ታመመ ይሉኛል። እኔን ሲያይ የሚድን በሽተኛ ነው።»

የሟቹ ሚስት ለስቱዲዮው ማሽን ሁልጊዜ ሁለት ልብስ እንደሚሰፉ፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላውን እንደሚለብስ፣ ማሽኑ እየሠራም ቢሆን ልብሱ እንዳይወልቅ ባለቤታቸው ያዝዙ እንደነበር አስረዷት። ባለ ሰማያዊ ጠርዙን በዚያ ዕለት ጠዋት አጥበውና ተኩሰው ልከውታል፤ ለቀረጻ ሲወጣ እቤታቸው ጎራ ላለው ለካሜራማኑ ነበር የሰጡት።

ካሜራማኑ ከሟቹ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ቃሉ አጭር ነው። ከሟቹ ቤት በቀጥታ ወደ ቀረጻ ሄዷል፤ እስከ አሥር ተኩል አልተመለሰም፤ ሲመለስ ሬሳውን አየ፤ ወደ ፎቁ ሳይወጣ ከታች ሆኖ ደወለ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም በአቀናባሪው ክፍል ሰበሰበች። ልጁ በካቴና መጣ። አለቃዋ በሩ ጋ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ካሜራማኑ ቦርሳውን ከእግሩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ።

«ማሽኑን አስነሳው» አለችው ልጁን።

ሥራው ከዜሮ ጀመረ። በስክሪኑ ጥግ ያለው የፍጥነት ቁጥር በሰከንድ ስድሳ ሁለት ፍሬም ይላል። መርማሪዋ ባለ ሰማያዊ ጠርዙን ልብስ አንስታ ኮምፒውተሩን አለበሰችው። ጠበቁ። በስድስተኛው ደቂቃ ቁጥሩ ወደ አሥራ አንድ ወረደ። ልብሱን ስትገፈው ከሳጥኑ አናት ትኩስ አየር ወጣ፤ ቁጥሩም ወዲያው ወደ ስድሳ ሁለት ተመለሰ።

ልጁ በታሰሩት እጆቹ ግንባሩን መታ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ!»

«አሮጌው የሚተነፍሰው ልብሱ በማይሸፍነው በጀርባው ስለነበር አልጎዳውም» አለች መርማሪዋ። «አዲሱ ግን በአናቱ ነው የሚተነፍሰው። ሲታፈን ይግላል፤ ሲግል ራሱን እንዳያቃጥል ይንቀረፈፋል። ሻጩ በመጣ ቁጥር ልብሱን ስለሚገፍፍ ይድን ነበር።»

«እኔ እኮ ከአቧራ ልጠብቀው ብዬ ነው» አሉ ሚስቲቱ በቀስታ።

መርማሪዋ ያተመችውን መዝገብ ዘረጋች። «በዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ነው። ልጁ ከወጣ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ ድንገት ስድሳ ሁለት ሆነ፤ አንድ ሰው ልብሱን ገፈፈ። ወለሉ የተወለወለው በዚያ ልብስ ነው። ስምንት ሰዓት ከአርባ አራት ላይ እንደገና መውረድ ጀመረ፤ ማሽኑ ሌላ ልብስ ለበሰ። ከዚያ በኋላ ፖሊሶች እስኪያጠፉት ድረስ ቁጥሩ አልተነቃነቀም፤ የነካው ሰው የለም። ፖሊሶች ሲደርሱ በላዩ ላይ የተገኘው ደግሞ ይኸው ባለ ሰማያዊ ጠርዝ ነው።»

ወደ ካሜራማኑ ዞረች።

«ይህ ልብስ ከጠዋት ጀምሮ በእርስዎ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ወደ ፎቁ አልወጣሁም ብለዋል። ታዲያ ማን አለበሰው?»

ካሜራማኑ ቦርሳውን በእግሩ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋው።

«ቀረጻው ስድስት ሰዓት ላይ ማለቁን አስቀራጮቹ ነግረውኛል። ማሽኑን ራቁቱን ትተውት ቢሄዱ ምንም ባላወቅን ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት የለመደ እጅ ግን ሳያለብስ መሄድ አልቻለም። ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ።»

ከባትሪዎቹ ሥር ባለ ቀይ ጠርዙ ልብስ ተጠቅልሎ ወጣ። የሻይ እድፍ ነበረበት። የሌላም።

«መግደል አላሰብኩም፤ ገፋኋቸው ብቻ» አለ ካሜራማኑ ወለሉን እያየ። «የእህታቸው ልጅ መጣ፤ ለእሱ አዲስ ማሽን ተገዛ። እኔን ‹እስከ ሰኞ ታገሥ፣ የምነግርህ አለ› አሉኝ። ልታሰናብተኝ ነው አይደል፣ ቁርጤን ንገረኝ ስላቸው ዝም። ሰኞ አለፈ፤ ማክሰኞም አለፈ። ትናንት ስጠይቃቸው እየሳቁ ‹ገና አላለቀም› አሉኝ። ሳቁብኝ።»

አለቃዋ ራሳቸው መጥተው የልጁን ካቴና ፈቱ። ልጁ ግን ከወንበሩ አልተነሣም። ወደ ስክሪኑ ዞሮ እየተጨመቀ ያለውን ፊልም ከፈተው። ገና ጥቁር ፀጉር የነበረው አንድ ወጣት ከባድ ካሜራ በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ ሲሻገር ይታያል።

«ጋሼ፣ ያላለቀው ይሄ ነው» አለ፤ «የእርስዎ የሃያ ስምንት ዓመት ሥራ። አጎቴ ሰኞ ዕለት በሰው ፊት ሊያሳይዎት ነበር። መጨረሻው ላይ የስቱዲዮው እኩል ባለቤት መሆንዎን ይናገራሉ። እኔን እስኪያልቅ እንዳትተነፍስ ብለው አስማሉኝ። አላልቅ አለኝ፣ ጋሼ። ምን ላድርግ፣ አላልቅ አለኝ።»

ካሜራማኑን ሲወስዱት ኮምፒውተሩን ያጠፋው ሰው አልነበረም። የቀረው የፊልሙ ክፍል በአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ውስጥ አለቀ።