የደሳለ ሚሞሪ

ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ እኔ በመንፈስ፣ በጥላ፣ "እንትና ታየኝ፣ እንትና ጠራኝ" በሚባል ነገር አምኜ አላውቅም፣ ልጅ ሆኜም ጓደኞቼ ጋኔን ሲፈሩ እኔ የአባቴን ሬዲዮ ፈትቼ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ የምፈልግ ነበርኩ፣ እስከ ዛሬም ሥራዬ ያው ነው። ሰቆጣ ውስጥ ኮምፒውተርና ሞባይል እጠግናለሁ፣ በገበያ ቀን ከሰሃላና ከአበርገሌ ለሚመጡ ሰዎች ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም እጭናለሁ። ኮምፒውተር ደግሞ እመኑኝ አይዋሽም፤ ከተበላሸ ምክንያት አለው፣ ወይ አቧራ ነው፣ ወይ መብራቱ ሄድ መለስ እያለ አቃጥሎታል፣ ወይ ባለቤቱ ሻይ ደፍቶበት "ኧረ ምንም አልነካሁትም" እያለ ይምልልኛል።

ከሥራ በኋላ ደስታዬ ሁለት ነው፣ ላፕቶፔና ድስቴ። ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ላፕቶፑን ማጀት ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጥና ተከታታይ ፊልም ከፍቼ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ፣ ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ! ሽሮ እንዲያውም የኮምፒውተር ወንድም ነው፣ ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁበት ይቀየማችኋል፣ ባንዴ ገልብጣችሁ ከጨመራችሁት ይጓጉላል፣ ከዚያ በኋላ ብታማስሉት ብታማስሉት ዋጋ የለውም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ይህን የሚያወራችሁ።

እማማ ብርቄ አከራዬ ናቸው፣ አከራዬ ከምላቸው ግን እናቴ ብላቸው ይቀለኛል። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ደሳለ የሚባል። ነበራቸው ስል እንኳ አፌን ይይዘኛል፣ ለምን እንደሆነ ትሰማላችሁ። ደሳለ ፍየል ሊገዛ ወደ አበርገሌ እንደወረደ መንገዱ ተዘጋ፣ መብራቱም ኔትወርኩም ጠፋ፣ ያንን ጊዜ የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መንገዱ ሲከፈት ስንቱ ተመለሰ፣ ደሳለ ግን አልተመለሰም። የመጣው ስልኩ ብቻ ነው። ሰሃላ ላይ አንድ ሌሊት ያሳደሩት ሽማግሌ "ረስቶት ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም" ብለው ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ በጨርቅ ጠቅልለው ለእናቱ አስረከቡ።

ከዚያ ወዲህ እማማ ብርቄ እራት ሲቀርብ የደሳለን ድርሻ ቀንሰው ይከድኑታል፣ ሲነጋ ለደጅ ለማኝ ይሰጡታል። እሱም እንደኔ ማጀት የሚወድ ልጅ ነበር አሉ፣ የሚሠራውም እኔ በተከራየኋት በዚችው ማጀት ነበር፣ ወጡ ሲደርስለት ማማሰያውን በድስቱ ከንፈር ሁለቴ ቋ፣ ቋ፣ ትንሽ ቆይቶ አንዴ ቋ ያደርግና እናቱን ይጠራቸዋል፣ ይህን እየሳቁ ነው የነገሩኝ፣ ሲስቁ ደግሞ ዓይናቸው ይሞላል።

ባለፈው ሐምሌ ወንድማቸው ቄስ ሞላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ የልጁ ተዝካር ይውጣ ብለው መጡ። ግቢ ውስጥ ሲነጋገሩ እኔ በራፌ ላይ ተቀምጬ አንድ የኮምፒውተር ማራገቢያ አቧራውን እየጠረግሁ ነበር።

«እህቴ፣ የነፍሱን ድርሻ ከለከልሽው እኮ» አሉ ቄስ ሞላ።

«የሥጋውንስ ድርሻ ማን ሰጠው? ሞተ ብሎ የነገረኝ አለ? በሕይወት ካለ በቁሙ ተዝካሩን ላብላ?»

«ክረምት በክረምት ላይ አለፈ፣ ብርቄ።»

«ክረምት መርዶ ነጋሪ ሆነ እንዴ!»

እንዲህ ቢሉም ዘመድ ተሰብስቦ አደከማቸው፣ ብቅሉ ተበቀለ፣ በጉ ከአጥሩ ሥር ታሰረ፣ ቀኑም ለቅዳሜ ተቆረጠ። በዚያው ሳምንት ያንን ስልክ ይዘው ወደ እኔ መጡ። «አንተ ልጄ፣ የሞተ ማሽን ታስነሳለህ ይሉሃል» አሉኝ። «ድምፁን አንዴ አሰማኝና ቁርጤን ልወቅ፤ ከዚያ ያሉኝን እሆናለሁ።» እኔ እንኳ በሰው ቤት ጉዳይ ከነገሩ ጦም እደሩ ባይ ነኝ፣ ግን እኚህን ሴትዮ በምን አፌ እምቢ ልበላቸው?

ስልኩ አልቆለታል። ሚሞሪውን አወጣሁና ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ የተበላሸ ፋይል ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም ከፈትኩበት፣ ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ስለዚህ እሱ እየፈለገ እኔ ሽሮዬን ልጣድ አልኩ። አመሻሽ ላይ ነው፣ ፀሐይዋ ገና መግባቷ ነው። መብራት እንደ ልማዱ ሄደ፣ ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፣ እኔም ድስቱን ወደ ከሰል ምድጃው አዛወርኩት። በዚያ ክረምት ዝናቡ ዘግይቶብን ነበር፣ የዚያን ቀንም ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ነበር፣ ይህን ያዙልኝ።

ፕሮግራሙ አንድ የድምፅ ፋይል ብቻ አገኘ። ክፉ ነገር ቢኖርበት እማማ ብርቄ ከኔ በፊት እንዳይሰሙት ብዬ ኢርፎን ጆሮዬ ውስጥ ወተፍኩና ከፈትኩት። መጀመሪያ ሽሽሽታ ብቻ ነው። ከዚያ ድስት ሲንተከተክ ይሰማ ጀመር፣ ጥፍ… ጥፍ… ጥፍ፣ ወፈር ያለ ነገር እንደሆነ ያስታውቃል፣ ውሃ እንዲህ አይልም። "አይ ደሳለ፣ ወጡን ሲሠራ ቀድቶት ነው" አልኩ። ቀጥሎ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ወረደ። ቀጥሎ የድስት ክዳን ወድቆ ተሽከረከረ፣ ሰውም «እፍ! እፍ! ወይኔ ጣቴን!» አለ፣ ድምፁን የማውቀው መሰለኝ፣ ግን የማን እንደሆነ አልመጣልህ አለኝ። ከዚያ ቋ፣ ቋ… ቋ። በር ሲጥጥ አለ። እዚያው ፋይሉ ውስጥ እማማ ብርቄ በኽምጣንጋ ቋንቋ ተናገሩ፣ እናትና ልጅ የሚነጋገሩት በእሱ ነው፣ እኔም በአባቴ በኩል እሰማዋለሁ።

«ደሳለ፣ አንተ ነህ? በልተሃል?»

«ገና ነኝ፣ እማየ። ትንሽ አስቀምጪልኝ።»

አልዋሻችሁም፣ እንባዬ መጣ። የፈራሁት ነገር ቀርቶ የተገኘው የእናትና የልጅ የእራት ወሬ ነው፣ ይህን ሲሰሙ እማማ አንጀታቸው ይርሳል ብዬ ደስ አለኝ። ፋይሉ ገና ግማሹን አልደረሰም ነበር፣ እኔ ግን ሽሮው ሊገነፍል ሲል አየሁና አቁሜው ኢርፎኑን ከጆሮዬ አወጣሁ።

ገና ከመቀመጫዬ ስነሳ ጣራው ላይ ጠብ አለ። ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ለቀቀው! ዝናብ! ጥርት ካለ ሰማይ ከየት መጣ እንኳ አላልኩም፣ ተመስገን ብዬ ክዳኑን አነሳሁ፣ እንፋሎቱ ጣቴን ላጠኝ፣ ክዳኑ አምልጦኝ ወድቆ ተሽከረከረ። «እፍ! እፍ! ወይኔ ጣቴን!» አልኩ።

አልኩና ደርቄ ቀረሁ። ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰማው ቶሎ አይለየውም፣ እኔም ያልለየሁት ለዚህ ነበር፤ እዚያ ሚሞሪ ውስጥ ጣቱን የተቃጠለው ሰው እኔ ነኝ። ስልኩ እኮ ሰሃላ ከቀረ ጀምሮ ማንም አልከፈተውም! ወደ ኋላዬ ሄጄ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁና ዓይኔን ድስቱ ላይ ተከልኩ። ማማሰያው ከድስቱ ርቆ ሳህን ላይ ተጋድሟል፣ አጠገቡ ማንም የለም።

ቋ፣ ቋ።

እባካችሁ እመኑኝ፣ "ሦስተኛው አይምጣ፣ ሦስተኛው አይምጣ" እያልኩ ነበር።

ቋ።

በሩ ሲጥጥ አለ። እማማ ብርቄ ነጠላቸው በዝናብ ርሶ ደፉ ላይ ቆመዋል። እኔን አላዩኝም፣ ወደ ምድጃው ነው የሚያዩት።

«ደሳለ፣ አንተ ነህ?» አሉ። ያው ድምፅ፣ ያው ቃል። እኔ ነኝ እማማ፣ ተከራይዎ ነኝ ልላቸው ስል ቀደሙኝ። «በልተሃል?» አሉ።

መልሱን ጠበቅሁ። መላ ሰውነቴ ጆሮ ሆኖ ጠበቅሁ፣ በእመቤቴ እምላለሁ ከዝናቡ በቀር አንድም ድምፅ አልነበረም፣ ላፕቶፑም ጸጥ ብሏል፣ የኢርፎኑም ገመድ እንደተሰካ ነው። እማማ ብርቄ ግን ሰው ሲያናግራቸው እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ገቡ፣ ከመደርደሪያዬ ሳህን አነሱ፣ ከሽሮው ቀነሱ፣ በሌላ ሳህን ከድነው በነጠላቸው ጫፍ ያዙት።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ እንደ ምንም ብዬ።

«ገና ነኝ አለኝ። ትንሽ አስቀምጪልኝ አለኝ» አሉ፣ ፊታቸው ላይ ከዚያ በፊት አይቼባቸው የማላውቀው እርጋታ ነበር። «አልሰማህም እንዴ?»

«አልሰማሁም» አልኩ። ማጀቱ ውስጥ አልሰማሁም፣ እውነቴን ነው። እሳቸው ሲወጡ የላፕቶፑ ባትሪ አለቀና ስክሪኑ ጠፋ።

በማግስቱ ወንድማቸውን «በጉን ፍታው» አሏቸው። «እራቱን ላልበላ ሰው ተዝካር አይወጣም።» ቄስ ሞላ እኔ በኮምፒውተሬ ያታለልኳቸው መስሏቸው እስከ ዛሬ ሰላምታ ነስተውኛል፣ እኔ ግን እግዜር ምስክሬ ነው፣ ለእሳቸው ምንም አላሰማኋቸውም። «ሚሞሪው አልከፈትልህ አለኝ፣ ተበላሽቷል» ብያቸው ነበር፣ እሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ደግሞ ሌሊት ሌሊት ይቆጨኛል፤ ልጁ በሕይወት ካለ ጥሩ፣ ከሌለስ? አንዲት እናት አልቅሳ እንዳይወጣላት ያደረግኋት እኔ ብሆንስ?

ሚሞሪውን በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ሙያዬ ክፈተው ይለኛል፣ እጄ እምቢ ይላል፣ የሰማሁት ሁሉ አንድ ሳይቀር ደርሷልና። ባልሰማሁት ቀሪ ግማሽ ውስጥ የግቢው በር ተከፍቶ ልጁ ይገባ እንደሆነ፣ ወይ ለቅሶ ይሰማ እንደሆነ አላውቅም፣ ካልሰማሁት ለቅሶውም አይደርስ ይሆናል እላለሁ። ይህን የምለው እኔ ነኝ እንግዲህ፣ በምንም የማላምነው!

ባለፈው ሳምንት እማማ ብርቄ የደሳለን ሳህን ይዘው በበራፌ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ቀሪውን ብቻህን እንዳትሰማብኝ» አሉኝ።

ቀሪ እንዳለው አልነገርኳቸውም። ዛሬ ለእናንተ ካወራሁት በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።