ከስክሪኑ ግራ

ይህን የምጽፍላችሁ ሰው ነግሮኝ አይደለም። በዓይኔ ያየሁት ነው። አላምንም የሚል ካለ አልቀየመውም፤ እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ሰኔ 2011 ዓ.ም.። ሰዓቱ ቀትር፤ ፀሐይ አናት ላይ ቆማለች።

ቦታው ካርቱም፣ ካፉሪ የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር።

በጦሩ መምሪያ ደጃፍ ተቀምጠው የነበሩት ወጣቶች በጥይት ከተበተኑ ወዲህ፣ በአገሩ ሁሉ ኢንተርኔት ተቆርጧል። ሰው ሰውን አያምንም። ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳው ሰውዬ እንኳ መንገዱን ትቶ እናንተን የሚሰማ ይመስላችኋል።

እኔ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበርኩ። በዚያ ጠዋት ዘርፈሽ ደወለችልኝ።

ዘርፈሽ የአገሬ ልጅ ናት። ካፉሪ አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። ጌቶቿ መንግሥት በወደቀ ሰሞን ሻንጣቸውን ሸክፈው ወጡ፤ እሷን ቤት ጠባቂ አድርገው ተዉአት።

ፓስፖርቷን ግን ይዘውባት ሄደዋል።

"ቢልዬ፣ ጀዋዝሽን በሰው ልከናል ብለውኛል" አለችኝ። "ሰው ይመጣል፣ ያንኳኳል። ግን ወታደር ይሁን መልእክተኛ ሳላይ እንዴት ልክፈት? ካሜራው ደግሞ ጠፋብኝ።"

"ተሰረቀ?"

"ኧረ በሩ ላይ አለ። የሚያሳየው ነው የጠፋው። ና ብቻ፣ ያላ!"

ሄድኩ።

ኮምፒውተሩ ያለው ፎቅ ላይ፣ ሙዲር የምትለው ጌታዋ ቢሮ ውስጥ ነው። ረጅም ጠረጴዛ። በስተቀኝ ጫፍ አንድ ስክሪን ብቻ ቆሟል። በግራው፣ አቧራው መሐል፣ የሁለት ስክሪኖች እግር ያረፈበት ቦታ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ሰውዬው ሁለቱን ይዞ ሄዷል።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የካሜራው ፕሮግራም እየሠራ ነው፤ ከታች ምልክቱ በርቷል። ምስሉ የሚታይበት መስኮት ግን ስክሪኑ ላይ የለም።

"ኮምፒውተሩ ሦስት ስክሪን እንደነበረው አልረሳም" አልኳት። "መስኮቱን አሁንም እዚያ በሌለው ላይ ነው የሚከፍተው።"

"በሌለ ነገር ላይ እንዴት ይከፈታል?"

"ለሱ አለ።"

"ወላሂ አንተን ፀሐይ መትቶሃል" ብላ ሳቀች።

እንዲህ ያለውን መስኮት መመለስ ቀላል ነው። ኪቦርዱ ላይ አልት እና ስፔስ ትጫናላችሁ። ቀጥሎ ኤም። ከዚያ የቀኝ ቀስቱን ይዛችሁ መጠበቅ ነው፤ መስኮቱ ከግራ እየተጎተተ ይመጣል።

ቀስቱን ያዝኩ።

አልመጣም።

አንድ ስክሪን የሚያቋርጥበት ጊዜ አለፈ። የሁለተኛውም አለፈ። መያዜን ቀጠልኩ...

ከነበሩት ስክሪኖች ሁሉ ርቆ የሄደ መስኮት አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ጠርዙ ብቅ አለ። ከዚያ ሙሉው። የግቢው በር፣ ከውጭ በኩል። ባዶ መንገድ። አንድ የኒም ዛፍ።

"አመጣኸው!" አለች።

እጄን ከቁልፉ አነሳሁ።

መስኮቱ ወደ ግራ ተመለሰ።

ፕሮግራም ሲበላሽ መስኮቱ ዘልሎ ይጠፋል። ይሄ አልዘለለም። ቀስ ብሎ ተንሸራተተ... ሰው በእጁ እንደሚስበው።

ዘርፈሽን አየኋት። እጆቿ ደረቷ ላይ ተጣምረዋል።

"ማውሱን ነክተሻል?"

"በምኔ?"

ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሄድኩ። የሌላ ገመድ አልባ ማውስ መቀበያ ተሰክቶ አገኘሁ፤ ሰውዬው ረስቶት ይሆናል። ነቀልኩት። የኔትወርኩንም ገመድ ነቀልኩ፤ ካሜራው በራሱ ሌላ ገመድ ነው የገባው። ኢንተርኔት ስለሌለ ከሩቅ የሚነካው ሰው ሊኖር አይችልም፤ ቢሆንም ነቀልኩት።

መስኮቱን እንደገና አመጣሁት።

እንደገና ተሳበ።

"ዘርፈሽ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"አንተ አለህ።"

"አትቀልጂ።"

"እኔን ጠረጠርክ? ሰላይ መሰልኩህ? ወጥ የምሠራ ሰላይ!"

ልመልስላት ስል...

ኳ... ኳ... ኳ...

የግቢው በር።

"መጣ" አለች። ቀልዷ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

"ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው?"

"ሁልጊዜ።"

አልወደድኩትም። ሰፈሩ ሁሉ ጁምዓ ላይ ነው፤ የኢማሙ ድምፅ ከመስጊዱ ይሰማል። በዚህ ሰዓት ካርቱም ውስጥ የሰው በር የሚያንኳኳ ወንድ አይገኝም።

ቀስቱን ይዤ መስኮቱን አመጣሁት። አሁን ቁልፉን አልለቀቅሁም።

በሩ ላይ ማንም የለም።

ኳ... ኳ... ኳ...

ማንም የለም።

ምስሉ ቆሞ ይሆን ብዬ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ሰከንዱ ይቆጥራል። የኒሙም ቅጠል ይወዛወዛል። ምስሉ የአሁን ነው።

"እዚያ ጋ!" አለች ዘርፈሽ፤ ጣቷ ስክሪኑን ነካ።

ከበሩ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ትንሽ ደብተር የምታክል ነገር ተቀምጣለች። ቅድም አልነበረችም።

"ጀዋዜ ናት! ቢልዬ፣ ጀዋዜ!"

"ቆይ። ማን አስቀመጣት?"

"ዘርፈሽ!" አለ ድምፅ ከውጭ።

"አቤት!"

አፏን ልይዝ እጄን ስዘረጋ አምልጧት ነበር።

እናቶቻችን በቀትር ስማችሁ ከውጭ ሲጠራ፣ እስኪደገም አትመልሱ ይላሉ። እሷም ታውቀዋለች። ግን እዚህ ቤት ዛህራ ነው የሚሏት፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም ሰው ሲጠራው ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው? ደግሞም በደንብ ያደገ የሐበሻ ልጅ፣ ሲጠራ አቤት የሚለው አስቦ አይደለም።

"ስምሽን ማን ነገረው?" አልኳት።

"ጀዋዙ ላይ ተጽፏል እኮ!"

"አትውረጂ። ሰውየው አይታይም።"

"ቢልዬ፣ ከዚህ አገር የምወጣው በሷ ነው። ሌላ ምን አለኝ?"

ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። የበሩ ክፍተት ሲሰፋ አየሁ... የነጠላ ጫማዋ ጫፍ ብቅ ሲል አየሁ...

መስኮቱ ከጣቴ ሥር ተነጠቀ። ቁልፉን እንደያዝኩት ወደ ግራ ሄደ።

በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ቀጥሎ ደረጃው ላይ ኮቴ።

ገባች። ፓስፖርቱን ይዛለች።

"አገኘሁት" አለች።

"ተመስገን! ማን ነበር?"

"ማንም።"

ፎቅ ወጥታ ትንፋሿ አይሰማም። የካርቱም ቀትር እሳት ነው፤ ግንባሯ ላይ ግን ጠብታ ላብ የለም።

"በል እንሂድ፣ ቢልልኝ።"

ሙሉ ስሜ ነው፤ ዘርፈሽ ግን ቢልልኝ ብላኝ አታውቅም።

ኳ... ኳ... ኳ...

የግቢው በር ነው። አሁን ግን ፈጥኖ፣ ተደራርቦ፣ በሁለት እጅ እንደሚደበደብ።

እጄ ወደ ቁልፎቹ ሄደ።

"ተወው" አለች። "እዚያው ይሁን።"

"ማን እንደሆነ ልይ።"

"ማንም አልኩህ እኮ።"

ጠረጴዛው ግራ፣ ባዶው ቦታ ላይ ቆማለች። እኔን አታይም። አቧራው ላይ አጎንብሳ፣ እዚያ አንድ ነገር እንዳለ ሁሉ፣ ዓይኗ ከወዲያ ወዲህ ይላል።

ቀስቱን ተጫንኩ።

መስኮቱ ገባ።

በሩ ተዘግቷል። ከውጭ ዘርፈሽ ቆማለች። ባዶ እጇን ናት፤ አንዱ ጫማዋ ወልቋል። ብረቱን ትደበድባለች፤ እጇ ሲያርፍና ድምፁ ጆሮዬ ሲደርስ እኩል ነው።

ፊቷን ወደ ካሜራው ቀና አደረገች። ካሜራው ድምፅ የለውም። ከንፈሯን አነበብኩት።

ቢልዬ... ቢልዬ...

ከዚያ መንሸራተት ጀመረች።

አልሮጠችም። አልተራመደችም። የያዛት ሰው አይታይም። ቆማ እንዳለች፣ እግሯን ሳታነሳ፣ ቀስ እያለች ወደ ግራ...

ትከሻዋ ከምስሉ ወጣ።

ፊቷ ወጣ።

የበሩን ብረት ጨብጣ የቀረችው እጇ ብቻ ናት።

ጣቶቿ አንድ በአንድ ለቀቁ።

ማንኳኳቱ ቆመ።