የታጠበው ሹራብ

እድፍ አይታ ማለፍ የማይሆንላት አንዲት ልጅ ነበረች፣ ልጆቼ። ላውንደሪ ቤት ትሠራ ስለነበር የሰፈሩ ሰው «አረፋ» ይላታል። እሷ የነካችው አንሶላ ንጣቱ ዓይን ይወጋል።

አባቷ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ቀናቸውን የሚገፉት በመስታወት ገንዳ የሚዋኙ ዓሣዎቻቸውን እያዩ ነበር። አንድ ሰሞን ውሃው የሩዝ እጣቢ መሰለ። ዓሣዎቹ ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ሁለቱ ሞቱ። አባት እህል አስጠላቸው። ልጅት ሲጨንቃት፣ ሰፈርተኛው «የዓሣ ሐኪም» የሚለውን ወጣት አስጠራች።

መጣና ውሃውን አሸተተ። በትንሽ ብልቃጥ ቀድቶ መድኃኒት ጠብ አደረገበት፤ አረንጓዴ ሆነ።

«አሞኒያ ነው። በራሳቸው ቆሻሻ እየተመረዙ ነው» አለ። ከዚያ የማጣሪያውን ክዳን ከፍቶ ስፖንጁን አወጣ። ነጥቶ ጥጥ መስሏል። «ይህን ማነው ያጠበው?»

«እኔ ነኛ» አለች ኮራ ብላ። «በየሳምንቱ፣ በሳሙና፣ ከቧንቧ ሥር።»

ፈገግታውን መደበቅ አቃተው። «እንግዲህ የገደላቸው ንጽሕናሽ ነው።»

ስፖንጁ ላይ በሚይዘው ቡናማ ነገር ውስጥ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት እንዳሉ፣ መርዙን የሚበሉት እነሱ እንደሆኑ፣ ሳሙናና የቧንቧው ክሎሪን እንደሚፈጃቸው አስረዳት። «ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊና መልሺው። ቡናማነቱን ተዪለት።»

«አሠሪዬ ይህን ቢሰማ ያባርረኛል።»

ወጣቱ ወደ አባቷ ዞረ። «እርስዎም ምግብ ይቀንሱ፣ አባባ። የዓሣ ሆድ ከዓይኑ አይበልጥም።»

«የእኔ ደግሞ ዓይኔ ነው ከሆዴ የሚበልጠው» አሉ አባት። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ።

ውሃው ጠራ። ወጣቱ ግን ብልቃጡን ይዞ መመላለሱን አልተወም። ባልዲ ሲቀባበሉ ጣታቸው ይነካካል፤ ባልዲውን ለመልቀቅ ማናቸውም አይቸኩሉም።

«ውሃው ከዳነ ቆየ» አሉ አባት አንድ ቀን። «ይህ ልጅ የሚለካው ምንድን ነው?»

ላግባሽ ሲላት፣ ሚስቱ እንደሞተችበት ራሱ ነግሯታል፤ የደበቃት ነገር የለም። እናቷ ግን ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ልጄ፣ በሕይወት ያለች ጣውንት ታረጃለች፣ ትሳሳታለች፣ ትጣያታለሽ። የሞተችውን በምን ታሸንፊያታለሽ?»

ሳቅ ብላ አለፈችው። እሾሁ ግን አልወጣላትም።

ሠርጉ ሲቃረብ ቤቱን ልታሰናዳ ሄደች፤ ቁልፉን የሰጣት እሱ ነው። ከቁም ሳጥኑ ጥግ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ በሁለት ቋጠሮ የታሰረ አረንጓዴ የሴት ሹራብ አገኘች። ፈታችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የፀጉር ቅባት፣ ትንሽ ላብ፣ የሰው አንገት ይሸታል። ለምን እንደታሰረ ያን ጊዜ ገባት።

ልጆቼ፣ መልሳ ብትቋጥረው ኖሮ ይህ ታሪክ በሠርግ ያልቅ ነበር።

እሷ ግን «ሻግቷል» አለች ለራሷ። ሥራ ቦታዋ ወስዳ አጠበችው፤ ደገመችው፤ ተኩሳም አምጥታ ሰቀለችው።

ማምሻውን ገብቶ አየው። ከማንጠልጠያው አውርዶ ፊቱን ቀበረበት። አገላብጦ አሸተተው።

«ምነው አጠብሽው?»

«ሻግቶ ነበር።»

«አሽትተሽዋል?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አሽትቼዋለሁ።»

«ምን እንደሆነስ ገብቶሻል?»

አንገቷን ደፋች። «ገብቶኛል።»

አልጮኸባትም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ስፖንጁን ያጠብሽው እኮ ሳታውቂ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ሹራቡን አጥፎ እጇ ላይ አስቀመጠላት። «ውሰጂው። ከእንግዲህ የማንም አይደለም።»

ሠርጉ ቀረ። ሹራቡ አሁን በእሷ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

አባት የወጣቱ ናፍቆት ሲበረታባቸው የዓሣውን ምግብ በእፍኝ እየዘገኑ ገንዳው ውስጥ ይበትኑ ጀመር። እሷ ከኋላቸው ቆማ ታያለች፤ አትከለክላቸውም። ውሃው ደፈረሰ። ያን ጊዜ ደወለችለት።

ድምፁ እንደ ድሮው ለስላሳ ነበር። «ሩቡን ውሃ ይቀይሩ፤ አዲሱ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በባልዲ ተቀድቶ ይደር። ምግብ ለጊዜው ያቁሙ» አላት፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ በ«እርስዎ»። «የስፖንጁን አስተጣጠብ ያውቁታል።» ስልኩን ዘጋው።

«ይመጣል?» አሉ አባት። እጃቸው ላይ አሁንም የምግቡ ብናኝ አለ።

«ነግሮኛል፣ አባባ። እኔው እሠራዋለሁ።»

እጅጌዋን ሰብስባ ከገንዳው በባልዲ ቀዳች። ሳሙና የላጣቸውን እጆቿን ነክራ ስፖንጁን ጨመቅ፣ ጨመቅ አደረገችው። ከዚያም ከነእድፉ፣ ቀስ ብላ፣ ወደ ቦታው መለሰችው።